ከመሳፈራችሁ በፊት የአየር መንገድን ታሪክ እንዴት ታጣራላችሁ? ካስፒያንን እንደ ምሳሌ

ቸርችል ጎዳና ላይ ትኬት እቆርጣለሁ። በቀደም አንድ ምንጣፍ ነጋዴ ደንበኛዬ መጣ። በዱባይ በኩል ቴህራን ይገባል፣ ከዚያ በአገር ውስጥ በረራ ወደ ሌላ ከተማ ይቀጥላል። ካገኘናቸው አማራጮች አንዱ ካስፒያን የሚባል የኢራን የግል አየር መንገድ ነበር። "ወንድሜ፣ እውነት ይሄ ይታመናል?" አለኝ። ቡና አዘን ቁጭ ብለን አጣራን። አካሄዱ ለየትኛውም አየር መንገድ ስለሚሠራ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አቪዬሽን ሴፍቲ ኔትወርክ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ግቡና የአየር መንገዱን ስም ፈልጉ። በነጻ ነው። ካስፒያን ላይ ቀድሞ ዓይን የሚገባው ሐምሌ 8 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው፤ ከቴህራን ወደ ዬሬቫን የተነሳ ቱፖሌቭ 154 የሚባል ሩሲያ ሠራሽ አውሮፕላን በተነሳ በ16 ደቂቃው ቃዝቪን አካባቢ ተከሰከሰ፣ የነበሩት 168 ሰዎች በሙሉ አለቁ። እዚህ ላይ ድረ ገጹን ዘግታችሁ አትውጡ። ምክንያቱን አንብቡ። የግራው ሞተር የኮምፕረሰር ዲስክ በብረት ድካም (ብረቱ በተደጋጋሚ ጫና ተዳክሞ) ተሰነጠቀ፣ ስብርባሪው የነዳጅና የሃይድሮሊክ መስመሮችን ቆረጠ፣ እሳት ተነሳ።

ምክንያቱን መጠየቅ ለምን እንደሚያስፈልግ እኛ አዲስ አበባ ያለን ሰዎች እናውቃለን። መጋቢት 1 ቀን 2011 ከቦሌ የተነሳው በረራ 302 ላይ 157 ሰው ሲያልቅ ስንቱ ጣቱን ፓይለቶቻችን ላይ ቀሰረ! አፍንጫውን ወደታች ይደፍቅ የነበረው የቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላኑ የራሱ ሥርዓት ነበር። ያ ነገር እስከ ዛሬ ያመኛል። ስለዚህ በሌላው አየር መንገድ ላይም ቸኩላችሁ አትፍረዱ።

ቀጥሎ ጥር 18 ቀን 2012ን አየን። ኤምዲ 83 የሚባል አሜሪካ ሠራሽ የካስፒያን አውሮፕላን ኢራን ውስጥ ማህሻህር ከተማ ላይ ሲያርፍ ማኮብኮቢያውን አልፎ ከተማው መንገድ ላይ ወጥቶ ቆመ። 144 ሰው ተሳፍሮ ነበር፣ ሁሉም ተርፏል። ማንም ስላልሞተ ግን "ቀላል ነው" ብላችሁ አትለፉት። በሁለቱ አደጋዎች መካከል አሥር ዓመት ገደማ አለ፤ አውሮፕላኑም ችግሩም ሌላ ነው።

አሁን እድገቱን እዩ፤ እኔ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው ባይ ነኝ። ካስፒያን በ1980ዎቹ አጋማሽ በቱፖሌቭ ጀመረ፣ በ2003 ኢራን ቱፖሌቭ 154ን ከበረራ አገደች፣ አየር መንገዱ ወደ አሮጌ ኤምዲና ቦይንግ 737 ዞረ። አዲስ ለምን አልገዛም? የአሜሪካ ማዕቀብ ቦይንግንም ኤርባስንም ዘግቶባቸዋል፣ መለዋወጫም እንደልብ አይገኝም። ያረጀ አውሮፕላን በደንብ ከተጠገነ ይበራል። መለዋወጫ ሲጠፋ ነው የሚያስፈራው። ስለዚህ አየር መንገድ አደገ ሲባል በምን ዓይነት አውሮፕላን እንዳደገ ጠይቁ።

ከዚያ ወደ አውሮፓ እንዳይበሩ የታገዱ አየር መንገዶች ያሉበትን የአውሮፓ ኅብረት የእገዳ ዝርዝር ክፈቱ። ለምሳሌ ኢራን አሴማን የሚባለው ሌላ የኢራን አየር መንገድ በ2009 ዓ.ም. እዚያ ገብቷል። ስሙ እዚያ ካለ እኔ ትኬቱን አልቆርጥም። ከሌለ ግን ተመርምሮ አለፈ ማለት አይደለም። አዮሳ የሚባለውን የአያታ (የዓለም አቀፉ የአየር መንገዶች ማኅበር) የደኅንነት ምርመራ ማለፉንም እዩ፤ ምርመራው በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። የአሜሪካ ማዕቀብ ዝርዝርን ከዚህ ጋር አታምታቱ፣ እሱ የፖለቲካ ጉዳይ እንጂ የጥገና ሪፖርት አይደለም።

በመጨረሻ የበረራ ቁጥሩን በረራዎችን የሚከታተለው ፍላይትራዳር ድረ ገጽ ላይ አስገቡና ሰሞኑን በዚያ መስመር የበረረውን አውሮፕላን መለያ እዩ። የኢራን ከሆነ በኢፒ (EP) ፊደላት ይጀምራል። በመለያው ዕድሜውን ታገኛላችሁ። በዕለቱ ሊቀየር ስለሚችል ግን የሳምንቱን በሙሉ ተመልከቱ።

ደንበኛዬ ይሄን ሁሉ ካየ በኋላ የአገር ውስጡን በረራ ተወው። ከቴህራን በባቡር ይቀጥላል። ከዱባይ ቴህራን ያለውን ደግሞ ነገ ጠዋት ተመልሶ መጥቶ አብረን እናጣራዋለን።