በወለድ አገድ የተያዘ የእርሻ መሬትን በፍርድ ቤት ማስመለስ

ገበሬው ብር ይበደርና ማሳውን ለአበዳሪው ያስረክባል። አበዳሪው ገንዘቡ እስኪመለስለት እያረሰ ይበላል፤ ምርቱ የብድሩ ወለድ መሆኑ ነው። ወለድ አገድ የሚባለው ይህ ነው። ጠቡ የሚነሳው ተበዳሪው ከዓመታት በኋላ ገንዘቡን ይዞ ሲመጣ «ሸጠህልኝ የለም እንዴ?» ሲባል ነው። እዚህ የተጻፈው የአማራ ክልልን አሠራር ተከትሎ ነው፤ ሌሎች ክልሎች የየራሳቸው የመሬት አዋጅ አላቸው።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(3) መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ፍርድ ቤት የሚወስነው ይዞታው የማን እንደሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ «ገዝቼዋለሁ» የሚል ተከሳሽ ሽያጩን ባስረዳ ቁጥር የውሉን ሕገወጥነት ያስረዳል። ብልጥ አበዳሪ ይህን ስለሚያውቅ ወረቀቱን «ኪራይ» ወይም «ስጦታ» ብሎ ያስጽፋል። ኪራይ ከሆነ ዘመኑ ስንት ነው፣ በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤትስ ተመዝግቧል? ስጦታ ከሆነ ተቀባዩ ሕጉ ከሚፈቅድላቸው ሰዎች አንዱ ነው? ክርክሩን ወደነዚህ ጥያቄዎች ይውሰዱት።

ወደ ፍርድ ቤት ከመሄድዎ በፊት ከወረዳው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ የተረጋገጠ ማስረጃ ያውጡ። ማሳው በማን ስም እንደተመዘገበ፣ መለያ ቁጥሩን፣ ስፋቱንና አራቱን አዋሳኞች የሚገልጽ ይሁን፤ የስም ዝውውር ተደርጎ እንደሆነም ይጠይቁ። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ አበዳሪው እጅ ቢቀር አይደንግጡ፤ ዋናው መዝገብ ጽሕፈት ቤቱ ዘንድ ነው። በክሱ ላይ የመዝገቡን ስፋት በሄክታር ይጻፉ። በልማድ አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ያህል ነው ቢባልም፣ «4 ጥማድ» ብለው ከስሰው መዝገቡ 0.87 ሄክታር ካለ ተከሳሹ «ሌላ ማሳ ነው» ብሎ ነገሩን ያንዛዛዋል።

ከደብተር ተቀድዶ አራት ቦታ የታጠፈ፣ አሻራ የተረገጠበት ወረቀት ካለ ቃል በቃል ይነበብ። «ገንዘቡን ሲመልስ መሬቱን ይለቃል» የምትል አንዲት መስመር ከተገኘች ነገሩ ብድር እንጂ ሽያጭ አለመሆኑን ታስረዳለች። ወረቀት ከሌለ ብሩ ሲቆጠር የነበሩትን ሽማግሌዎችና አዋሳኝ ገበሬዎችን በምስክርነት ይቁጠሩ፤ ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና እያንዳንዳቸው የሚያስረዱትን ነገር ከክሱ ጋር አያይዘው ያቅርቡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በክሱ ዓይነት ላይ ነው። ክስ የሚያዘጋጅልዎ ራፖር ጸሐፊ በልማድ «ሁከት ይወገድልኝ» (ይዞታዬን በጉልበት የነካብኝ ይልቀቅልኝ) ብሎ ይጽፋል። ይህ ክስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 በ2 ዓመት ውስጥ የሚቀርብ ነው፤ አበዳሪው ደግሞ መሬቱን የያዘው በእርስዎ ፈቃድ እንጂ በጉልበት አይደለም። «ውሉ ፈራሽ ነው ተብሎ ይዞታዬ ይመለስልኝ» ብሎ መክሰስ ይሻላል። ተከሳሹ በቁጥር 1845 የ10 ዓመት ይርጋን (የመክሰሻ ጊዜ ገደብን) እንደሚያነሳ ስለሚጠበቅ ያ ጊዜ ሳይሞላ ይክሰሱ።

ገንዘቡን «ስንት ዓመት በልቶበታል» ብሎ ለማስቀረት መሞከር ነገር ያበላሻል። ውል ሲፈርስ በቁጥር 1815 ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ፤ መሬቱ ለባለይዞታው፣ ብሩ ለአበዳሪው ማለት ነው። በክሱ ላይ ገንዘቡን ለመመለስ ዝግጁ መሆንዎን ይግለጹ፤ አልቀበልም ካለ በፍርድ ቤት እንዲቀመጥ ይጠይቁ። አበዳሪም ቢሆን «ሸጠልኝ» ከሚል ያበደረውን ልክ ቢያስረዳ ነው የሚጠቅመው።

የይዞታ ደብተሩ በባልና በሚስት ስም ሆኖ ውሉን የፈረመው ባል ብቻ ከሆነ ሚስት አብራ ትክሰስ፤ አለመስማማቷ ብርቱ ምክንያት ነው። ክሱ ሳታውቀው ተጀምሮ ከሆነ በጣልቃ ገብነት ትግባ። ተበዳሪው ከሞተ ወራሾቹ አስቀድመው የወራሽነት ማስረጃ ይያዙ።

ከብድርና ቁጠባ ተቋም ወይም ከባንክ የተወሰደ ብድር ግን ሌላ ነው። የክልሉ አዋጅ ቁጥር 252/2009ም ሆነ የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1324/2016 የመጠቀም መብትን ለብድር ማስያዝን ይፈቅዳሉ። እዚያ ላይ የሚመረመረው የውሉ ዘመን፣ ምዝገባውና የባለይዞታዎቹ ሁሉ ፊርማ ነው።

ክሱ ሰብል ተነስቶ ዘር ሳይገባ ቢቀርብ ጥሩ ነው፤ አለዚያ «የዘራሁትስ?» የሚል ሌላ ክርክር ይከፈታል። ከክሱ ጋር ማሳው ለሦስተኛ ወገን እንዳይተላለፍና ባሕር ዛፍ እንዳይተከልበት እግድ ይጠይቁ፤ ዛፍ ከበቀለ የወጪ ካሳ ጥያቄ ይከተላል። በወረዳው ፍርድ ቤት ከተረቱ ይግባኝ የሚባለው በ60 ቀን ውስጥ ነው። ከረቱ የአፈጻጸም መዝገብ አስከፍተው ርክክቡ የመሬት ባለሙያ ባለበት፣ ድንበሩ ተለክቶ እንዲፈጸም ይጠይቁ፤ የፍርዱንም ግልባጭ ለመሬት ጽሕፈት ቤቱ ሰጥተው ከማሳው ማኅደር ጋር ያስይዙት።