የድሮን ቪዲዮ አንቴና ሲፈተሽ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

በቤት የተሠራ የ5.8 ጊጋኸርዝ አንቴና ጥሩ መሆኑን ለማወቅ ድሮን ማስነሳት አያስፈልግም፤ በተለይ ፈቃድ በሚጠየቅበት መሀል አዲስ አበባ። መሬት ላይ ማወዳደር ይበቃል፤ እነዚህ ስህተቶች ካላበላሹት።

ያለ አንቴና ማብራት። ማስተላለፊያው ኃይሉን የሚያወጣበት ካጣ ወደ ራሱ ይመለስበትና ማጉያውን ሊያቃጥለው ይችላል። ኤስኤምኤ የተባለውን የአንቴና ማያያዣ መልኩ ከሚመሳሰለው ከአርፒ-ኤስኤምኤ ጋር ማጋጠምም ያው ነው፤ ጥርሱ ልክክ ብሎ ይጠብቃል፣ መሀሉ ግን አይገናኝም። ከማጥበቅዎ በፊት አፋቸውን ይዩ፦ አንዱ መርፌ፣ ሌላው ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል።

በአንቴናው ፈንታ ቦታውን መለካት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሜክሲኮ ወይም ሰንጋ ተራ አካባቢ የሕንፃው መስታወት፣ የአጥሩ ቆርቆሮ፣ የቆመው መኪና ሁሉ ሞገዱን ያነጥራል። ቀጥታ የመጣውና ነጥሮ የመጣው ሲገናኙ ወይ ይደጋገፋሉ ወይ ይጠፋፋሉ። የሞገዱ ርዝመት 52 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ አንቴናውን ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ማንቀሳቀስ ብቻ ንባቡን በ10 ዴሲቤል (ዴሲቤል የኃይል ማወዳደሪያ መለኪያ ነው፤ 10 ዴሲቤል አሥር እጥፍ ማለት ነው) ሊቀይረው ይችላል።

ስለዚህ ማስተላለፊያውንና መቀበያውን በ2 ሜትር የእንጨት ምሰሶ ላይ አድርገው 50 ሜትር ያራርቋቸው። በመካከላቸው፣ በቀጥታው መስመር ዙሪያ፣ 80 ሳንቲሜትር ያህል ምንም ነገር መኖር የለበትም፤ እርስዎም ጭምር፣ የሰው ገላ ሞገዱን ይጋርዳልና። መቀበያውን ጣውላ ላይ በየ3 ሳንቲሜትሩ እያንሸራተቱ 10 ንባብ ይውሰዱና መካከለኛውን ይያዙ። መጀመሪያ ጥራቱን የሚያውቁትን አንቴና፣ ቀጥሎ የሚፈተነውን፣ በመጨረሻ እንደገና የሚያውቁትን ይለኩ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ከ1 ዴሲቤል በላይ ከተለያዩ ያንን ዙር ይጣሉት።

ተጠግቶ መፈተሽ። በ5 ሜትር ርቀት፣ በ200 ሚሊዋት ማንኛውም ሽቦ ግሩም ምስል ያሳያል፤ መቀበያው ጠግቧል። በ25 ሚሊዋት ይሥሩ፤ ካልበቃም መቀበያው ላይ የ20 ዴሲቤል ማዳከሚያ ያስገቡ።

አርኤስኤስአይን፣ ማለትም መቀበያው የሚያሳየውን የሞገድ ጥንካሬ ንባብ፣ እንደ ዴሲቤል ማንበብ። ከመቀበያው የሚወጣው ቮልት ወይም ፐርሰንት ነው። መጀመሪያ የ10 ዴሲቤል ማዳከሚያ አስገብተው ንባቡ በምን ያህል እንደወረደ ይመዝግቡ። በገላጣ ቦታ ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ 6 ዴሲቤል ስለሚያስፈልግ በግማሽ ዴሲቤል ብልጫ መጨነቅ አይገባም።

በኤስደብሊውአር ብቻ መፍረድ። ይህ ከአንቴናው ወደ ማስተላለፊያው የሚመለሰውን ኃይል የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ 1 ማለት ምንም አይመለስም ማለት ነው። የ50 ኦም ሬዚስተርም 1 ያሳያል፣ ግን ምንም አያሰራጭም። ይህን ቁጥር ከሚለኩት ናኖቪኤንኤ ከሚባሉት መሣሪያዎች ርካሾቹ ደግሞ አብዛኞቹ 5.8 ጊጋኸርዝ አይደርሱም፤ ከመግዛትዎ በፊት የፍሪኩዌንሲ ጣሪያውን ያረጋግጡ።

ፖላራይዜሽንን፣ ማለትም ሞገዱ የሚወዛወዝበትን አቅጣጫ፣ መርሳት። ሞገዱን በአንድ መስመር የሚያወዛውዘው ዳይፖል አንቴና እያዞረ ከሚልከው ክሎቨርሊፍ አንቴና ጋር ሲገጥም 3 ዴሲቤል ይጠፋል። ቀኝ ዞሪና ግራ ዞሪ ከተቀላቀሉ ጉዳቱ 20 ዴሲቤል ሊደርስ ይችላል፤ ነገር ግን ነጸብራቅ አዟዟሩን ስለሚገለብጥ በሕንፃዎች መሀል ጉዳቱ ያነሰ መስሎ ያታልላል።

ዋይፋይን መዘንጋት። ማስተላለፊያውን አጥፍተው ቻናሉ ላይ ምን እንዳለ ያንብቡ። ከ149 እስከ 165 ያሉት የዋይፋይ ቻናሎች ከ5735 እስከ 5835 ሜጋኸርዝ ይይዛሉ፤ ካፌና ቢሮ በበዛበት ሰፈር ኤፍ8 በተባለው የቪዲዮ ቻናል ላይ፣ ማለትም 5880 ሜጋኸርዝ ላይ መሥራት ይሻላል።