«ራን» (አስላ) የሚለውን ከመጫን በፊት፦ በስትራክቸር ትንተና ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኢታብስ ወይም ሳፕ 2000 የተባሉትን የመዋቅር መተንተኛ ሶፍትዌሮች ከፍቶ የህንጻ ሞዴል መሥራት ዛሬ ለተማሪም አይከብድም። የሚከብደው የወጣው ቁጥር ልክ መሆኑን ማወቅ ነው። ሶፍትዌሩ የሚፈታው እኛ ያስገባንለትን ህንጻ ነው፤ ያ ህንጻ ሳይት ላይ ከሚቆመው ጋር ባይመሳሰልም ምንም አይነግረንም። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች የመረጥኳቸው ሁሉም ቀይ ምልክት ሳያሳዩ የሚያልፉ በመሆናቸው ነው።

ውጤቱን አስቀድሞ አለመገመት

ለእኔ ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው፤ ሌሎቹን ስህተቶች የሚደብቃቸው እሱ ነውና። እያንዳንዱ ወለሉ 400 ካሬ ሜትር የሆነ ባለ 10 ወለል የአርማታ ህንጻ እንውሰድ። እንዲህ ያለ ህንጻ ከነግድግዳውና ከነጭነቱ በካሬ ሜትር ከ10 እስከ 15 ኪሎ ኒውተን ይመዝናል። 12 ብንይዝ ጠቅላላው 48,000 ኪሎ ኒውተን ይሆናል። ሶፍትዌሩ የሰጠው የሪአክሽን (መሠረቱ ወደ ላይ የሚመልሰው ኃይል) ድምር 31,000 ከሆነ አንድ ነገር ጎድሏል፤ ምናልባት የብሎኬት ግድግዳው ጭነት አልገባም፣ ወይም የሶሌታው የራሱ ክብደት ተዘሏል።

ቢምም (አግዳሚው ተሸካሚ) እንዲሁ ይፈተሻል። 6 ሜትር ርዝመት ኖሮት በሜትር 20 ኪሎ ኒውተን የሚሸከም ቢም፣ 20 በ36 (6 በ6) ተባዝቶ ለ8 ሲካፈል 90 ኪሎ ኒውተን ሜትር ሞመንት (ቢሙን የሚያጎብጠው ኃይል ልክ) ይሰጣል። ቢሙ ቀጣይ (በብዙ ኮለኖች ላይ የሚያልፍ) ቢሆንም ምልክታቸውን ትተን የሁለቱን ጫፎች ሞመንት አማካይ ከመሃሉ ሞመንት ጋር ስንደምር ያው 90 መምጣት አለበት። ይህን ለመሥራት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

በአሜሪካ ኮነቲከት የሃርትፎርድ ሲቪክ ሴንተር ጣሪያ በኮምፒውተር የተሰላ ሰፊ የብረት መዋቅር ነበር። በግንባታው ወቅት የተለካው የጣሪያው መጉበጥ ከተሰላው ሁለት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ፤ መሐንዲሶቹ ተነግሯቸውም ሥራው ቀጠለ። ሞዴሉ የላይኛዎቹ ብረቶች መሃላቸው ላይ እንደተያዙ አድርጎ ገምቷል፤ በተግባር የተሠራው መገጣጠሚያ ግን በበቂ አይዛቸውም ነበር። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 18 ቀን 1978 ጎህ ሳይቀድ ጣሪያው በበረዶ ክብደት ወደቀ። ከጥቂት ሰዓታት በፊት አዳራሹ ውስጥ 5,000 ያህል ተመልካች ነበር።

ሜሹን ሶፍትዌሩ እንደሰጠ መተው

ሜሽ ማለት ሶፍትዌሩ ለስሌት ሲል መዋቅሩን የሚከፋፍልባቸው የትንንሽ ክፍሎች (የኤለመንቶች) መረብ ነው። የኖርዌዩ ስሌይፕነር ኤ የነዳጅ መድረክ ታሪክ የሚጠቀሰው እዚህ ላይ ነው። መሠረቱ 24 ግዙፍ የአርማታ ሴሎች ነበሩት። እ.ኤ.አ. ኦገስት 23 ቀን 1991 ስታቫንገር አጠገብ በውሃ ላይ ሲፈተሽ አንድ ግድግዳ ተሰነጠቀ፣ መዋቅሩም ሙሉ በሙሉ ሰጠመ። ምርመራው ያገኘው ነገር ለማንኛውም ዲዛይነር ትምህርት ነው። በሴሎቹ መሃል ያሉት ባለ ሦስት ማዕዘን ክፍተቶች ግድግዳ የተወከለው በጥቂትና በተጣመሙ ኤለመንቶች ስለነበር የሺር ስትረሱ (የመቁረጥ ጫናው) በ47 በመቶ አንሶ ወጣ። ፌሮውም በዚያው ልክ አነሰ። ከአደጋው በኋላ በጥንቃቄ የተደገመው ስሌት ግድግዳው 62 ሜትር ጥልቀት ላይ እንደሚሰበር አሳየ፤ የተሰበረው 65 ሜትር ላይ ነበር። ስለዚህ ዘዴው ራሱ ጉድለት አልነበረበትም። ሜሹን አጥብቦ ደግሞ የፈታ ሰው ቢኖር ቁጥሩ ሲዘል ያይ ነበር።

መፈተሻው ቀላል ነው፦ ኤለመንቶቹን በግማሽ አሳንሶ እንደገና መፍታት። የሚፈለገው ቁጥር ከጥቂት በመቶ በላይ ከተለወጠ ሜሹ ገና ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ሹል በሆነ የውስጥ ማዕዘን ላይ ወይም በአንድ ነጥብ በተደገፈ ሶሌታ ላይ ስትረሱ ሜሹ በጠበበ ቁጥር ያለገደብ ይጨምራል። እዚያ የሚወጣውን ከፍተኛ ቁጥር ይዞ ፌሮ መደርደር ከንቱ ወጪ ነው። ኮለኑን በትክክለኛ ስፋቱ ማስገባት፣ ሞመንቱንም ከኮለኑ ጠርዝ ላይ ማንበብ ይሻላል።

አፈሩን በአንድ ቀመር መተካት

ሴፍ በተባለው ሶፍትዌር ላይ ራፍት ፋውንዴሽን (ከህንጻው ሥር በሙሉ የሚነጠፍ መሠረት) ስንሠራ የአፈሩን ስፕሪንግ (አፈሩ ሲጫን ላለመስጠም የሚያሳየውን ግትርነት) የምናገኘው የተፈቀደውን የመሸከም አቅም በ120 በማባዛት ነው። ይህ 120 ከየት መጣ? 40 በሴፍቲ ፋክተር 3 ተባዝቶ ነው፤ 40ው ደግሞ አፈሩ አቅሙ ሲያልቅ 25 ሚሊሜትር ያህል ይሰጥማል ከሚል ግምት የተነሳ ነው። አቅሙ 200 ኪሎ ፓስካል ለሆነ አፈር ቀመሩ 24,000 ኪሎ ኒውተን በኪዩቢክ ሜትር ይሰጣል፤ በሥራ ጭነት 8 ሚሊሜትር ብቻ ይሰጥማል እንደማለት ነው። የአፈር ምርመራው ሪፖርት በዚያው ጭነት 50 ሚሊሜትር ይጠበቃል ካለ ትክክለኛው ቁጥር 4,000 ነው። ልዩነቱ 6 እጥፍ ነው፤ የራፍቱ ሞመንት ይለወጣል፣ የላይኛው ፍሬምም አብሮ ይለወጣል። መረሬ አፈር ላይ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ክረምት አብጦ በጋ የሚኮማተርን አፈር በአንድ ስፕሪንግ መግለጽ አይቻልም፣ ወይ መጥረግ ወይ ከሱ በታች መውረድ ያስፈልጋል።

ዩኒት ማደባለቅ

አባኩስ የተባለው የትንተና ሶፍትዌር ዩኒት አይጠይቅም። በሚሊሜትርና በኒውተን እየሠሩ የብረትን ዴንሲቲ 7,850 ብሎ ማስገባት ማሱን (መጠነ ቁሱን) ትሪሊዮን እጥፍ ያደርገዋል፤ ትክክለኛው ቁጥር 0.00000000785 ነው። ስታቲክ ትንተና የራስ ክብደት ካልገባበት ምንም አይመስልም፣ ንዝረት ሲሰላ ግን ፍሪኩዌንሲው ሚሊዮን እጥፍ ወርዶ ይወጣል።

ያልተሰነጠቀ አርማታ

የህንጻ ኮዳችን የተከተለው የአውሮፓ የመሬት መንቀጥቀጥ ደንብ፣ ዩሮኮድ 8፣ ዝርዝር ትንተና ካልተደረገ የተሰነጠቀ አርማታን ግትርነት (ስቲፍነስ) በግማሽ ቀንሶ መውሰድ እንደሚቻል ይናገራል። ሞዲፋየሩን (ሶፍትዌሩ ግትርነቱን የሚያባዛበትን ቁጥር) 1 ላይ የሚተው ዲዛይነር ግን ብዙ ነው። ግትርነቱ በግማሽ ሲወርድ የህንጻው ፔሪየድ (አንዴ ተወዛውዞ የሚመለስበት ጊዜ) 1.4 እጥፍ ይረዝማል፣ የወለል ለወለል መዛነፉም (ድሪፍቱ) ይጨምራል። በሪፖርቱ ላይ አልፏል የተባለው ድሪፍት ከዚያ በኋላ ላያልፍ ይችላል።

ብሎኬቱን ክብደት ብቻ ማድረግ

በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ይህን ስህተት የምፈራው ለዚህ ነው። በየመንገዱ ዳር ያሉ ህንጻዎቻችን ምድራቸው ሱቅ ነው፤ ፊቱ መስታወት፣ ውስጡ ክፍት ነው። ከላይ ያሉት ወለሎች በብሎኬት ተሞልተዋል። ብሎኬቱን እንደ ጭነት ብቻ ስናስገባ ሞዴላችን ሁሉንም ወለሎች እኩል ለስላሳ አድርጎ ያያቸዋል። በእውነቱ የላይኞቹ በብሎኬቱ ደንድነዋል፣ እንቅስቃሴው በሙሉ ምድር ላይ ይሰበሰባል፣ ኮለኖቹ ጫፋቸው ላይ ይሰበራሉ። ዩሮኮድ 8 እንዲህ ባለ ህንጻ የለሰለሰው ወለል ኮለኖች ላይ የሚመጣው ኃይል ከፍ ተደርጎ እንዲሰላ ያዝዛል። ብሎኬቱን እንደ ሰያፍ ምሰሶ አስገብቶ ሁለተኛ ሞዴል መሥራት፣ በምድር ወለል ኮለኖች ላይ የሚወጣውን ሺርና የዚያን ወለል ድሪፍት ከመጀመሪያው ሞዴል ጋር ማነጻጸር ይገባል፤ ፌሮው የሚወሰነውም ከሁለቱ በሚብሰው ነው።