ዓሣው ሲቆስል ወደ መድኃኒት ከመሮጣችሁ በፊት

ድሬ ላይ በገንዳ ቆሮሶና አምባዛ የምታረቡ፣ እስቲ አንድ ነገር እንነጋገር። ዓሣ ቆዳው ተልጦ፣ ክንፉ ተበልቶ ማየት ልብ ይሰብራል። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ቁስሉ ከመታየቱ በፊት ነው።

ዓሦቹ ጠዋት አፋቸውን ከፍተው ወደ ላይ ሲመጡ «ራባቸው» ብሎ መኖ መጨመር አንዱ ስህተት ነው። አብዛኛውን ጊዜ አየር አጥሯቸው ነው። 20 ዲግሪ ላይ አንድ ሊትር ውኃ 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ 30 ዲግሪ ላይ ወደ 7.5 ይወርዳል። የድሬ ሙቀት ደግሞ የታወቀ ነው። ያልተበላው መኖ ሲበሰብስ የቀረችውንም ኦክስጅን ይጨርሳል። እንዲህ የተዳከመ ዓሣ በሽታን መቋቋም አይችልም።

በሻካራ መረብ ማጥመድና አጨናንቆ ማርባትም እንደዚያው ነው። ኤሮሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ውኃ ውስጥ ሁሌም አለ። የዓሣው ገላ ላይ ያለው የሚያሟልጭ ልጋግ ሲፋቅ መግቢያ ያገኛል። ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ቆዳው ላይ ቀይ ነጠብጣብ ስታዩ፣ ጉበቱና ኩላሊቱም እየተጎዱ ሊሆን ይችላል።

ቆዳውን ብቻ አይቶ «ደህና ነው» ማለትም ያታልላል። የስንጥቡን (የሚተነፍስበትን አካል) ክዳን ገለጥ አድርጉ። ጤነኛ ስንጥብ ደማቅ ቀይ ነው። ጫፉ ነጣ ብሎ ወይም ቢጫ ሆኖ ከበሰበሰ፣ ኮለምናሪስ የሚባለውን በሽታ ጠርጥሩ። ዓይኑ ያበጠና እየተሽከረከረ የሚዋኝ ቆሮሶ ካያችሁ ደግሞ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ እሱ አንጎል ድረስ ይደርሳል።

በጣም የሚያሳዝነኝ ግን ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ገዝቶ ገንዳው ውስጥ መበተን ነው። የድሬን ውኃ ታውቁታላችሁ። የሻይ ጀበናችሁን ውስጡን እዩት፣ ነጭ ድንጋይ ሠርቷል። ያ በአብዛኛው ካልሲየም ነው። መድኃኒቱ ከካልሲየምና ከማግኒዚየም ጋር ይጣበቅና ወደ ዓሣው የሚገባው ጥቂት ብቻ ይሆናል። ገንዘባችሁን ውኃ በላው ማለት ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ ትንሿ መጠን ባክቴሪያውን ሳትገድል መድኃኒቱን ታለማምደዋለች። የግድ ካስፈለገ በሐኪም ትእዛዝ፣ ከመኖ ጋር ተቀላቅሎ ይሰጥ። የታመመ ዓሣ ቶሎ መብላት ያቆማልና አትዘግዩ። መድኃኒት የወሰደውን ዓሣ ሐኪሙ የሚነግራችሁ ቀን ሳያልፍ ለገበያ አታውጡ፤ የሚበላው ሰው ነው።

አዲስ የዓሣ ጫጩት ስታመጡ በቀጥታ ከነባሮቹ ጋር አትቀላቅሉ። ሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻ፣ መረቡም ለብቻ።

ለምርመራ ሞቶ ያደረ ዓሣ መውሰድም ትርፉ ድካም ነው። በሙቀቱ ቶሎ ይበሰብሳል፤ የሚገኘውም የብስባሹ ባክቴሪያ ይሆናል። ገና በሕይወት ያለ፣ ምልክቱ የሚታይበትን ውሰዱ። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ መንገዱም ሩቅ አይደለም። መንገድ ላይ ከሞተ በረዶ ላይ አስቀምጡት እንጂ ፍሪዘር ውስጥ አታስገቡት፤ ሥጋውና ጉበቱ ለምርመራ እንዳይሆን ይበላሻል።

የሞቱትን ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አትጣሉ። ራቅ አድርጋችሁ ቆፍሩና ኖራ ነስንሳችሁ ቅበሩ። እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ደግሞ ያለ ጓንት አትንኳቸው።