ከዓመታት ዝምታ በኋላ የሚወጣ አልበም ለምን ይቀዘቅዛል?

ግጥምና ዜማውን ራሱ የሚሠራ ድምፃዊ ከዓመታት በኋላ ሲመለስ አድማጭ በጉጉት ይጠብቀዋል። አልበሙ ግን ብዙ ጊዜ «ደህና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ጥፋቱ የሚጀምረው ገና ቀረጻ ሳይገባ ነው።

ዋናው በድሮው ኪ (ዘፈኑ በሚዘፈንበት የድምፅ ከፍታ) መዝፈን ነው። እባካችሁ ይህን ተዉት! የድምፅ አውታሮች ከዕድሜ ጋር ይለወጣሉ፤ የብዙዎች የላይኛው ድምፅ ይጠባል፤ ሳይዘፍኑ የቆዩ ደግሞ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ዜማ ደራሲ ጣቱ የለመደውን ኮርድ ስለሚይዝ አዲሱንም ዘፈን በወጣትነቱ ኪ ይሠራዋል። ቀረጻ ላይ አዝማቹ ጩኸት ይሆናል። ጩኸቱ ኦቶቱን በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ሶፍትዌር ይጠገናል፤ ኦቶቱን ሲበዛ የድምፁን ቀለም ያጠፋዋል። አድማጭ የናፈቀው ደግሞ ያንን ቀለም ነበር።

ስለዚህ ቅንብር ሳይጀመር ዘፈኑን በጊታር ወይም በኪቦርድ ብቻ ይዛችሁ ግማሽ፣ አንድ፣ አንድ ተኩል፣ ሁለት ቶን ዝቅ እያደረጋችሁ ሞክሩ። አዝማቹን ሦስት ጊዜ አከታትላችሁ ሳትጨነቁ የዘለቃችሁበት ኪ የእናንተ ነው። ታችኞቹ ኖታዎች ከጠፉ ዜማውን እዚያው ቦታ ላይ አሻሽሉ። ካፖ (የጊታር አንገት ላይ የሚታሰር መቆንጠጫ) ከፍ ያደርጋል እንጂ ዝቅ አያደርግም፤ ኮርዱን ሳትቀይሩ ለመውረድ የጊታሩን ክሮች ፈታ አድርጉ። ከበሮና ቤዝ ከተቀዳ በኋላ ኪ መለወጥ ግን ሥራውን እንደ አዲስ መጀመር ነው።

የዓመታቱን ዘፈን ሁሉ አታጭቁ፤ አሥር ይበቃል። በሸክላም ለማሳተም ካሰባችሁ አንዱ ገጽ በደህና ድምፅ የሚይዘው 22 ደቂቃ ገደማ ነው።

የወቅቱን ምት ለብሶ መምጣትም አያዋጣም።

መግቢያ አታስረዝሙ። የሙዚቃ ማድመጫው ስፖቲፋይ ዘፈን ተደመጠ ብሎ የሚቆጥረው 30 ሰከንድ ሲሞላ ነው፤ 40 ሰከንድ ኪቦርድ ብቻ ከሆነ ድምፃችሁን ሳይሰማ የሚያልፍ ብዙ ነው።

ማስተሪንግ (የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ) ላይ ድምፅ ለማጉላት ብላችሁ ዘፈኑን አትጭመቁት። ስፖቲፋይ በተለመደው አሠራሩ ወደ -14 ሉፍስ (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ያወርደዋል፤ የሚቀርላችሁ የታፈነ ከበሮ ነው።

ዘፈን ለስፖቲፋይ የፕሌይሊስት አዘጋጆች የሚቀርበው ከመውጣቱ በፊት ብቻ ነው፤ ቢያንስ 7 ቀን ቀድማችሁ አስገቡ። የምትመርጡት አንድ ዘፈን ነውና ድምፃችሁ ቶሎ የሚገባበትን ላኩ።