ሕፃኑ አልተኛ አለ? መጀመሪያ የደረባችሁበትን ልብስ ቁጠሩ

ደብረ ብርሃን ወልዶ ሌሊት «በርዶት ይሆን?» እያለ ያልባነነ ሰው የለም። አይፈረድም። ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገባ ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል። አራስ ልጠይቅ በገባሁ ቁጥር ግን የማየው በላብ የራሰ ሕፃን ነው። የሰሜን ሸዋ ሕፃን እንቅልፍ የሚያጣው ባብዛኛው እኛ ብርዱን ስለምንፈራ ይመስለኛል። ስለዚህ ሕፃን ስናስተኛ የምንሠራቸውን ስህተቶች ስዘረዝር ከዚያው ልጀምር።

መደራረብ። ሹራብ፣ ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ፎጣ፣ ብርድ ልብስ፣ ከላይ የአያት ጋቢ፣ መንዝ ከሆነ ደግሞ ባና ይታከልበታል። ልጁ ይሞቀዋል፣ ይነጫነጫል፣ «አየሽ በርዶታል» ይባልና ሌላ ይጨመርበታል። ብርዱን በእጁና በእግሩ አትለኩ። የጨቅላ እጅና እግር ደህና ሆኖም ቀዝቀዝ ይላል። ጣታችሁን ከማጅራቱ ሥር አስገቡ። ካላበው ወይም ከጋለ አንድ ልብስ አውልቁለት። እናንተ ከለበሳችሁት አንድ ድርብ ቢበልጥ ይበቃዋል። ቤት ውስጥ ሲተኛ ኮፍያ አያስፈልገውም፣ ትርፍ ሙቀቱን የሚያስወጣው በጭንቅላቱ ነውና። (ያለጊዜው የተወለደ ወይም ኪሎው ያነሰ ከሆነ ሐኪሙ ያላችሁን ስሙ።)

ፊቱን መሸፈንማ ጨርሶ ይቅር። ምች እንዳይመታው፣ ሰው ዓይን እንዳይገባ ተብሎ ነጠላ ጣል ይደረግበታል፣ ልጁም ያስወጣውን አየር መልሶ ይስበዋል። አንቀልባ ላይ ሲያንቀላፋም አየት አድርጉት፤ አገጩ ደረቱ ላይ ከወደቀ መተንፈሻው ይጠባል፣ አውርዳችሁ አጋድሙት።

ሸዋ ሮቢት ያላችሁ «እኛን አይመለከትም» አትበሉ። ጣርማ በርን አልፋ ልጅ ልጠይቅ ብላ የምትወርድ አያት የደጋውን አለባበስ ይዛው ነው የምትመጣው።

ከሰል መኝታ ቤት ማስገባት። ይሄኛው ላይ ቀልድ የለም። ቡና ተፈልቶ ፍሙ ስለተረፈ «ቤቱን ያሙቅልን» ተብሎ አልጋው አጠገብ ይቀመጣል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ ሽታም ቀለምም የለውም። ፍሙ ጭሱ ሲያልቅለት ንጹሕ ይመስላል እንጂ ጋዙ አይቆምም። በሩን ገርበብ ማድረግም አስተማማኝ አይደለም። አልጋው ከቀዘቀዘ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልታችሁ አንሶላው ላይ አኑሩ፣ ልጁ ከመተኛቱ በፊት አውጡት። በቃ።

በሆዱ ማስተኛት። «በሆዱ ሲሆን ድብን ብሎ ይተኛል» ይባላል። ልክ ነው፣ ጣጣውም እሱ ነው፤ አየር ሲያጥረው ቶሎ አይነቃም። አሜሪካ ውስጥ በ1994 እ.ኤ.አ. «በጀርባ አስተኙ» የሚል ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ ባሉት ዓመታት በእንቅልፍ ላይ የሚደርሰው ድንገተኛ የሕፃናት ሞት በግማሽ ያህል ቀንሷል። ትን ይለዋል ብላችሁ አትስጉ። በጀርባው ሲሆን የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ስለሚሆን ያስመለሰው ወደ ሳንባው ለመግባት ይቸገራል። እስከ አንድ ዓመቱ በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ፣ ያለ ትራስ።

ቀኑንም ሌሊት ማድረግ። አራስ ቤት መጋረጃው ቀን ከሌት ተዘግቶ ይሰነብታል፣ ከዚያ «ይሄ ልጅ ሌሊት ነው የሚጫወተው» ተብሎ ይወቀሳል። ምን ያድርግ? ሲወለድ ቀንና ሌሊት አይለይም። መለየት የሚጀምረው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ነው፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና በምትነሣበት ሰሞን ማለት ነው። እስከዚያው ቀን ቀን ብርሃን ይግባ፣ ሰው ያውራ። ሌሊት መብራቱ ደብዘዝ ይበል፣ ዳይፐሩን ዝም ብላችሁ ቀይሩ፣ ስልክ ይቅር።

በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብድግ ማድረግ። የጨቅላ እንቅልፍ ግማሽ ያህሉ እንቅስቃሴ ያለበት ነው። ያቃስታል፣ ፊቱን ያኮሳትራል፣ ዓይኑን ገለጥ ያደርጋል። ገና እንቅልፍ ላይ ነው እኮ! ትንሽ ታገሡ፣ ብዙ ጊዜ መልሶ ያሸልባል።

«ሲደክመው ይተኛል» ማለት። ከልክ በላይ የደከመ ሕፃን ይባስ ያለቅሳል። ሲያዛጋ፣ ዓይኑን ሲያሽ፣ ፊቱን ከሰው ሲያዞር አስተኙት፣ ጠያቂ ቢኖርም።

እንዲተኛ ብሎ ማስዋጥ። ቅቤ፣ ስኳር ውሃ፣ የአብሽ ውሃ። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ነው፣ ማር ደግሞ ዓመት ሳይሞላው በምላሱ እንኳ አይነካ። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን «ያስተኛዋል» ተብሎ የሚሰጠው የሳል ሽሮፕ ነው፣ ለሕፃን ትንፋሽ አደገኛ ነው። አራስ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ለመጥባት መንቃቱ ጤናው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለሦስት ወር ሕፃን በቀን ከ14 እስከ 17 ሰዓት እንቅልፍ ሲል እየቆራረጠ የሚተኛውን ሁሉ ደምሮ ነው። ይልቅ የሚያሰጋው ለመጥባት እንኳ አልነቃ ያለ፣ ያተኮሰው ወይም ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ልጅ ነው፤ እሱን ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ አድርሱት።

አልጋ ላይ መጨናነቅ። አንድ ክፍል ውስጥ ማደር ጥሩ ነው፣ የሚመከረውም እሱ ነው። ለብቻው የሚተኛበት ቦታ ካለማ እሰየው፣ ግን ስንቱ ቤት ሁለት አልጋ አለው? አብራችሁ ከተኛችሁ እንግዲህ ልጁን ከታላላቆቹ መሃል አታስገቡት፣ የእናንተ ብርድ ልብስም እሱ ላይ አይድረስ። ሶፋ ላይ አቅፎ ማንቀላፋት ከአልጋውም የባሰ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገቡ አይተኛ። በዓል ውሎ ጠላና አረቄ የቀማመሰ አባትም ያን ዕለት መደብ ላይ ይደር፣ ቢያኮርፍም።