ራቅ ያለች ኩሬ ላይ ያለ ዓሣ እንዴት ይጠበቃል (ከደንጌጎ በላይም በታችም)

አቦ ሰው ኩሬ ካየ ወዲያው ዓሣ እንጨምርበት ነው የሚለው። መኪና የማይደርስባት፣ ቆሮሶ (ቲላፒያ) እና አምባዛ (ካትፊሽ) በራሳቸው ጊዜ የሚኖሩባት ኩሬ ሰፈራችሁ ካለች ግን ብዙ ጊዜ የሚያስፈልጋት መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው።

መጀመሪያ ከፍታውን እወቁ። እኔ ደንጌጎን፣ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሲወጣ ያለውን ዳገት፣ እንደ ድንበር ነው የምይዘው። ከሱ በታች ድሬ አካባቢ 1200 ሜትር ገደማ ነው፣ ውሃው አብዛኛውን ጊዜ ሞቅ ስለሚል ቆሮሶ መራባት አያቆምም። ከላይ ሐረማያና አደሌ በኩል ደሞ ወደ 2000 ሜትር ነው፣ ከህዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ያንዘፈዝፋል፣ ውሃው ከ20 ዲግሪ ሲወርድ ቆሮሶ መራባቱን ይተዋል እድገቱም ይንቀራፈፋል። ስለዚ ተራ ቴርሞሜትር ገዝታችሁ ጠዋትና ከሰዓት ለክታችሁ ደብተር ላይ ፃፉት፣ አንድ ቀን ብቻ ለክቶ መፍረድ የለም።

"የባሌውን ትራውት አምጥተን ብንለቅስ?" የሚል አይጠፋም። ትራውት ከኬንያ መጥቶ እነ ዌብ ወንዝ ላይ የተለቀቀ ዓሣ ነው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈልጋል፣ እንቁላሉን ደሞ ንፁህ ውሃ በሚወርድበት ጠጠር ውስጥ ነው የሚቀብረው። ድሬ ሙቀቱ አያኖረውም፣ ከደንጌጎ በላይ ቢኖር እንኳን የቆመ ኩሬ ውስጥ አይራባም፣ ያለውን ዓሣ ግን ይበላል። ተዉት።

ወደ ቆሮሶ ልመለስ፣ ዋናው ነገር እዚ ነው። ሴቷ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ስለምትፈለፍል ጫጩቶቹ ብዙም አይሞቱም፣ በሞቀ ውሃ ደሞ በጥቂት ወር ውስጥ እነሱም ይወልዳሉ፣ ከዛ ኩሬዋ ሞልታ ምግቡ ለሁሉም አይበቃም፣ ማደግ ትተው መውለድ ብቻ ይሆናል ስራቸው። እንዴት ታውቃላችሁ? ዓይኑ ጠበብ ያለ መረብ ሁለት ሶስት ቦታ ጎትቱና ያወጣችሁትን በመጠን ለዩት። ትንሽም መካከለኛም ትልቅም ከተቀላቀለ ጥሩ ነው። ሁሉም መዳፍ የምታክል ሆና ሆዷ ሲከፈት እንቁላል የሞላባት ከሆነች ግን ያቺ ህፃን አይደለችም፣ ቀጭጫ የቀረች ትልቅ ሰው ናት ወላሂ። መፍትሄው ትንንሾቹን በብዛት ማውጣትና ትልልቆቹን መመለስ ነው። ሐይቅ ላይ ዓይኑ ሰፊ መረብ ተጠቀሙ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፣ ልክ ነው፣ ለተጨናነቀች ኩሬ ግን ተቃራኒው ነው የሚሰራው።

አምባዛውን አትጨርሱት። ትንንሽ ቆሮሶ እየበላ ስራውን በነፃ የሚሰራላችሁ እሱ ነው፣ አየርም ከላይ ስለሚስብ ውሃው ሲበላሽ መጨረሻ ላይ የሚሞት ነው። እሱ የሚራባው ዝናብ መጥቶ ዳር ያለው ሳር በውሃ ሲሸፈን ስለሆነ በክረምት ያንን ዳር ከብት እንዳይረግጠው ተነጋገሩ፣ ለከብቶቹ አንድ ጎን ለይታችሁ ስጡ።

ውሃውን ለማየት ነጭ ሰሃን በገመድ አስራችሁ አውርዱ፣ የሚጠፋበትን ጥልቀት ለኩ። አረንጓዴ ሆኖ 30 ሳንቲሜትር አካባቢ ቢጠፋ ምግብ አለ ማለት ነው፣ ከ20 በታች ከሆነ ግን ፍግም ዩሪያም ምናምንም እንዳይገባ፣ ምክንያቱም ያ ሁሉ አልጌ ሌሊት ኦክስጅን ይጨርሳል። ንጋት ላይ ሂዱና እዩ፣ ዓሦቹ አፋቸውን ውሃው ፊት ላይ አውጥተው የሚያለከልኩ ከሆነ ታፍነዋል። ቀለሙ ቡናማ ከሆነ ደሞ ደለል ነው፣ ስራው ኩሬዋ ላይ ሳይሆን ከላይ ያለው ተዳፋት ላይ ነው፣ እርከንና ሳር።

አሁን ቶሎ የሚገድለውን ልናገር፣ ጫት ላይ የሚረጨው የተባይ መድኃኒት። ረጭቶ ሲጨርስ መርጫውን ኩሬ ውስጥ የሚያለቀልቅ ሰው አለ፣ ትንሽ ጠብታ እንኳን ለዓሣ ብዙ ነው። መታጠቢያ ቦታ ከኩሬዋ ራቅ አድርጋችሁ ለዩ። ቀጥሎ የውሃ ሞተር። ሐረማያ ሐይቅ በፈረንጅ 2000ዎቹ አጋማሽ የደረቀው አንዱ ምክንያት ለመስኖ መሳቡ ነበር፣ ደለሉም የከተማው መጠጥ ውሃም ተጨምሮበት። አሁን ውሃው ቢመለስም አንዲት ትንሽ ኩሬ ግን አንድ በጋ አትችልም። ዳር ላይ ምልክት ያለበት እንጨት ትከሉና ውሃው እዚ ሲደርስ ሞተር ይቆማል ብላችሁ ከአካባቢው አባቶች ጋር ተስማሙ፣ ከከተማ ሄዳችሁ ህግ ብታወጡ ማንም አይሰማችሁም፣ ከብት የሚጠብቁት ልጆች ናቸው ቀን በቀን የሚያዩዋት።

ያወጣችሁትን ትንንሽ ቆሮሶ ሌላ ጎድጓዳ ላይ ልትለቁ ካሰባችሁ የተዘጋ የራሳችሁ ገንዳ ይሁን እንጂ ወንዝ አይሁን። በጠዋት ጫኑ፣ ጀሪካኑን እስከ አፉ አትሙሉት አየር ይኑረው፣ ስትደርሱ አዲሱን ውሃ በጣሳ ቀስ እያላችሁ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቀላቅሉበት፣ ከዛ ጀሪካኑን ዘንበል አድርጋችሁ ራሳቸው ይውጡ።